እማሆይ አይቅመሱ ይባልልኝ

(በአንዲት የወረዳ ከተማ ማረሚያ ቤት፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ የእስረኞችን ክስ አጣርታ ወደ ዳኛ የምታሳልፈው የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይዘሮ ትርንጎ እና ከሳሹ ታራሚ አንሙት በመማሪያ ክፍሉ መስኮት ሥር አንድ ዴስክ መሐል አድርገው ተቀምጠዋል።)

ትርንጎ፦ አይሆንም አልኩህ እኮ፣ አንሙት። ይኼ ነገር እንዲህ እንዳለ ዳኛ ፊት ቢቀርብ መጀመሪያ የሚሳቀው ባንተ ነው፤ ቀጥሎ በእኔ።

አንሙት፦ ይሳቁ። ፍርድ ቤት ሲሳቅብኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። እርስዎ ብቻ ያሳልፉልኝ።

ትርንጎ፦ እኔ እዚህ የተቀመጥኩት እንደ ወንፊት ነው። ዱቄቱ ወደ ዳኛ ይወርዳል፣ ገለባው እኔ ዘንድ ይቀራል። ቅዳሜዬን ትቼ፣ ጉልበቴን እያመመኝ የመጣሁት ለዚህ ነው። ካንተ በፊት የገባው ሰው ማንን እንደከሰሰ ታውቃለህ?

አንሙት፦ ጓንጉል ነው የገባው። የአልጋ ጎረቤቱን ነው የከሰሰው።

ትርንጎ፦ በሕልሜ መጥቶ ሰደበኝ ብሎ።

አንሙት፦ እውነቱን ነው። ተኝቶ መልስ ሲሰጠው ሰምቻለሁ።

ትርንጎ፦ ስድቡን የሰማ ሌላ ሰው ካለ ምስክር ቁጠር አልኩት። ሊያፈላልግ ወጥቷል።

አንሙት፦ የእኔ ሕልም አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ በር ላይ፣ ሰው እያየው የሚደረግ ነገር ነው።

ትርንጎ፦ እሺ፤ የጻፍከውን ላንብብልህና አንተም በጆሮህ ስማው። ከሳሽ፣ አንሙት። ተከሳሽ፣ ማረሚያ ቤቱ። የክሱ ምክንያት፣ "በሐሰት የመሰከሩብኝ እማሆይ ጥሩአየሁ በየቅዳሜው ስንቅ ሲያመጡልኝ በር ላይ ወጡን ቅመሱ እየተባሉ ስለሚገደዱ።" የምጠይቀው ዳኝነት፣ "እማሆይ አይቅመሱ ይባልልኝ።" አለቀ።

አንሙት፦ አጠረ?

ትርንጎ፦ ማጠሩስ ደግ ነው። እማሆይ ምንህ ናቸው? አልተጻፈም።

አንሙት፦ ሴትዮዋ?

ትርንጎ፦ አዎ፣ ሴትዮዋ።

አንሙት፦ ወልዳኛለች።

ትርንጎ፦ እሱን እኛ እናት ነው የምንለው።

አንሙት፦ "ወላጅ" ብለው ይጻፉት።

ትርንጎ፦ ወላጅ። ጻፍኩ። አሁን ደግሞ ዳኛው የእስር ቤት በር አይተው አያውቁም እንበል። ይኼ መቅመስ የምትለው ነገር እንዴት ነው የሚደረገው?

አንሙት፦ ስንቅ ያመጣ ሰው በር ላይ ይሰለፋል። ደወል ሲደወል ተራ በተራ ሳህኑን ይከፍታል። ፖሊሱ "ቅመስ" ይለዋል። ሰውየው እንጀራውን ቆርሶ፣ ወጡን አጥቅሶ ይጎርሳል፣ ይውጣል፣ አፉን ከፍቶ ያሳያል። ካልሞተ ስንቁ ይገባል።

ትርንጎ፦ መርዝ እንዳይገባ ነው። ላንተው ደኅንነት የወጣ ደንብ ነው።

አንሙት፦ ደንቡን አልጠላሁትም። ሌላው ይቅመስ። እሷ ግን መነኩሴ ናት፣ እትዬ ትርንጎ። እኔ በተፈረደብኝ በዓመቱ ቆብ አጠለቀች። ሥጋ ላትበላ፣ ቅቤ ላትነካ ለእግዚአብሔር ቃል ገባች። ያን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቅ ትሰነብትና ቅዳሜ ሲሆን አስር አለቃ ሽባባው ፊት ቆማ ዶሮ ወጥ ትጎርሳለች።

ትርንጎ፦ ዶሮ ወጥ ነው የሚያመጡት?

አንሙት፦ ዶሮ ስታጣ የበግ ወጥ። ትቀምሳለች፣ ትውጣለች፣ አፏን ከፍታ ታሳያለች። ከዚያ ከጥበቃው ማማ ጀርባ ሄዳ ላብ እስኪያጠምቃት ትሰግዳለች አሉ። ንስሐ መግባቷ ነው። በሳምንቱ ደግሞ ትመጣለች።

ትርንጎ፦ የአስር አለቃውን ሪፖርት አይቼዋለሁ። "ለጥበቃ ሥራ እንቅፋት የሆነ ስግደት" ይላል።

አንሙት፦ አዩ? መንግሥትም አምኗል።

ትርንጎ፦ መንግሥት ያመነው መንገድ መዘጋቱን ነው። ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደር አመልክተሃል?

አንሙት፦ አመልክቻለሁ። ኃላፊው አስጠርተው፣ "መነኩሴ ሥጋ ካልበላች ለምን ሥጋ ታበስላለች?" አሉኝ።

ትርንጎ፦ ምን መለስክላቸው?

አንሙት፦ መልስ ስላጣሁ ነው የከሰስኩት።

ትርንጎ፦ እኔም ያንኑ ልጠይቅህ ነበር። ሽሮ ቢያመጡስ? ሽሮ መነኩሴም ይቀምሰዋል፣ ፖሊሱም ዝም ይላል፣ ፍርድ ቤቱም ያርፋል።

አንሙት፦ ሽሮ አታመጣም።

ትርንጎ፦ ለምን?

አንሙት፦ አታመጣማ።

ትርንጎ፦ አንሙት፣ "አታመጣማ" ብዬ ዳኛ ፊት አልቆምም።

አንሙት፦ ሽሮ አልበላም ነበር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ይኼን ደግሞ ለዳኛው ነግራቸዋለች፣ የመሰከረችብኝ ዕለት። ያን ሁሉ ስትናገር ቆይታ፣ ጨርሰዋል ይውረዱ ሲሏት፣ "ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጨምር" አለች። እኔ ልታስተባብልልኝ መሰለኝ። "ይኼ ልጅ ሽሮ አይበላም፤ እዚያ ምን ይበላል?" አለቻቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዐቃቤ ሕጉ ሳይቀር ወረቀቱን ፊቱ ላይ ይዞ ሳቀ።

ትርንጎ፦ ዳኛውስ?

አንሙት፦ ዳኛው አልሳቁም። ስድስት ዓመት ፈረዱብኝ።

ትርንጎ፦ ጎረቤት ይዞላቸው ቢመጣስ? ጎረቤቱ ይቀምሳል፣ እማሆይ ቤታቸው ይጸልያሉ።

አንሙት፦ ይዞላት የሚመጣ አልጠፋም። እሷ ናት እምቢ የምትለው። ሰው ከላከች "ልጄን ጥሩልኝ" የሚል አይኖርማ።

ትርንጎ፦ እና ሲጠሩህ?

አንሙት፦ ይኼም ክሱ ውስጥ ይገባል?

ትርንጎ፦ የማጣራው የሚገባውንና የማይገባውን ነው። ሳልሰማ እንዴት እለያለሁ?

አንሙት፦ አጥሩ ጋ ወጥቼ አላውቅም። ትመጣለች፣ ልጄን ጥሩልኝ ትላለች፣ ይጠሩኛል፣ የለም በሏት እላለሁ።

ትርንጎ፦ እስር ቤት ውስጥ የለም?

አንሙት፦ እሷም "የት ሄዶ ነው?" ብላ አስር አለቃውን ጠየቀችው አሉ።

ትርንጎ፦ እስካሁን ሲቀምሱ ኖረዋል። ክሱ ዛሬ ለምን መጣ?

አንሙት፦ የንስሐ አባቷ ሰሙ። በር ላይ የምታደርገውን ራሷ ናት የነገረቻቸው፣ መቼም አትደብቅም። ወይ ቆቡን ወይ በሩን ምረጪ አሏት። ቆቡን አለች።

ትርንጎ፦ ቆቡን መረጡ?

አንሙት፦ ቆቡን እመልሳለሁ አለች። "እሱ ሳይበላ ከሚያድር ቆቤ ይቅር" አለች አሉ። ዛሬን ቀምሳ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ልታወልቀው ነው። ከበር ወደ ውስጥ ስንቅ የሚያመላልሱት ሽማግሌ ሐሙስ ዕለት ነገሩኝ፣ ዐርብ ክሱን ጻፍኩ። የንስሐ አባቷ ምን ሆነው ነው ብዬ እሳቸውንም ልጨምራቸው ነበር፣ ተውኩት።

ትርንጎ፦ ስለተውካቸው ፍርድ ቤቱ ያመሰግንሃል። እሺ፣ "በሐሰት የመሰከሩብኝ" ያልከው ሽሮውን ነው?

አንሙት፦ ሽሮውማ እውነት ነው።

ትርንጎ፦ ታዲያ ሐሰቱ የቱ ጋ ነው?

አንሙት፦ እሱ ያለቀ ጉዳይ ነው።

ትርንጎ፦ አንተ ነህ የቀሰቀስከው፤ የክሱ መጀመሪያ ላይ አስቀምጠኸዋል። በሐሰት መሰከሩብኝ የምትላቸውን ሴት መልሰህ ደግሞ ቃላቸው ፈረሰ ብለህ ትቆረቆርላቸዋለህ። ዳኛው "ይኼ ሰው ይወዳቸዋል ወይስ ይጠላቸዋል?" ቢሉኝ ምን ልመልስ?

አንሙት፦ ይኼ የሕግ ጥያቄ አይደለም ይበሏቸው።

ትርንጎ፦ ንገረኝ።

አንሙት፦ የመስኖ ውሃ ነው። ቀኑ የእኔ ተራ ነበር። የማሳ ጎረቤቴ በላይነው ቦዩን ወደ ራሱ ሽንኩርት ጠልፎት አገኘሁ። ተነጋገርን፣ ተሰዳደብን፣ ዱላ ተነሣ። የእሱ አንድ ዓይን ጠፋ። እኔ ለፖሊስም ለዳኛም ያልኩት አንድ ነው፤ ቀድሞ የሰነዘረው እሱ ነው፣ እኔ ስከላከል ነው። በቦታው ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ከእሷ በቀር። ከጎመኑ መሐል ቀና ብላ ታይ ነበር።

ትርንጎ፦ ፍርድ ቤት ቀርበው ምን አሉ?

አንሙት፦ መጽሐፉን መታ ማለች። ዳኛው "ቀድሞ የመታው ማነው?" አሏት። "ልጄ ነው" አለች። ሌላ እናት ብትሆን አላየሁም ትላለች። ጎመን ስቀነጥስ ነበር ትላለች። ፀሐይዋ ዓይኔን ወግታኝ ነበር ትላለች። ስንት የሚባል ነገር አለ፣ እትዬ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ አለ። ሁሉንም ሰምቼዋለሁ።

አንሙት፦ "ልጄ ነው" አለች። ድምፅዋ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

ትርንጎ፦ ወደ ክሱ እንመለስ። መክሰስ የሚችለው መብቱ ወይም ጥቅሙ የተነካበት ሰው ነው። ቃል የፈረሰባቸው እማሆይ ናቸው። እሳቸው ይክሰሱ።

አንሙት፦ አትከስም። ከዚያ ቀን ወዲህ የፍርድ ቤቱን በር ላለማየት በከብት ገበያው ዞራ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው አሉ። በዚያ በሚያማት እግሯ፣ በምርኩዝ።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ያንተን ጉዳት ንገረኝ። አንተን ምን ነካህ?

አንሙት፦ አይዋጥልኝም። እሷ ቃሏን አፍርሳ ያስገባችው እህል እንዴት ብሎ በጉሮሮዬ ይወርዳል?

ትርንጎ፦ ይኼ ፍሬ አለው። ይጻፋል። "ከሳሽ ምግቡ አልዋጥ ስላለው..." ምን ያህሉን ትበላለህ? ግማሹን? ሩቡን?

አንሙት፦ በልቼው አላውቅም።

ትርንጎ፦ ከመቼ ጀምሮ?

አንሙት፦ ከመጀመሪያው።

ትርንጎ፦ እና ዶሮው የት ይሄዳል?

አንሙት፦ ክፍሉ ይበላዋል። ይበልጡን ጓንጉል።

ትርንጎ፦ ሕልመኛው?

አንሙት፦ ከባድ ነገር በልቶ ስለሚተኛ ነው ሕልም የበዛበት።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ሁለቱ ክሶች መጣመር አለባቸው።

አንሙት፦ እኔ አልቃወምም።

ትርንጎ፦ አንተስ ምን ትበላለህ?

አንሙት፦ የማረሚያ ቤቱን።

ትርንጎ፦ ምንድን ነው እሱ?

አንሙት፦ ሽሮ።

ትርንጎ፦ ለመድከው?

አንሙት፦ ለመድኩት። ያን ያህል መጥፎ አይደለም።

ትርንጎ፦ ይኸው ብዕሬን አስቀመጥኩ፣ አንሙት። ስማኝ። እኔ ክስ ሲመጣልኝ የማየው ጉዳቱን ያደረሰው ማን እንደሆነ ነው። ማረሚያ ቤቱ ስንቅ ያመጣ ይቅመስ የሚል ደንብ አለው። ደንቡ ግን በዚያ አያበቃም። ታራሚው ራሱ አጥሩ ጋ ወጥቶ፣ ካመጣለት ሰው እጅ ተቀብሎ፣ ፖሊስ እያየው እዚያው ከበላ ሌላ ቀማሽ አያስፈልግም ይላል። ይኼን ታውቃለህ?

አንሙት፦ አውቃለሁ።

ትርንጎ፦ ታውቃለህ?

አንሙት፦ የማያውቅ የለም። ጓንጉል ሚስቱ ስትመጣ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ትርንጎ፦ እንግዲያው እማሆይን በየቅዳሜው ሥጋ የሚያስጎርሳቸው ማረሚያ ቤቱ አይደለም። አስር አለቃ ሽባባውም አይደለም። አንተ ነህ። ቆባቸውን የሚያወልቁት እኮ አንተ የምትበላ መስሏቸው ነው፤ እዚህ ጓንጉል ይወፍራል። ትክክለኛው ተከሳሽ አንተ ከሆንክ ደግሞ ከሳሹም አንተ፣ ተከሳሹም አንተ ነህ። እንደዚህ ላለው ክስ የምከፍተው መዝገብ የለኝም።

አንሙት፦ ዳኛ ቢያዝልኝ ግን...

ትርንጎ፦ ዳኛ ቢያዝልህ እሳቸው አይቀምሱም፣ አንተም አትወጣም። የፈለግከውም ይኼንኑ ነው። ቆባቸውን ልታተርፍላቸው፣ ፊታቸውን ሳታይ።

አንሙት፦ ምን ብዬ ነው የማያት? ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ እኮ። የለም በሏት ስል ከርሜ፣ ዛሬ አለሁ ልበላት?

ትርንጎ፦ መኖርህንማ ያውቃሉ።

አንሙት፦ እዚህ ያስገባችኝ እሷ ናት።

ትርንጎ፦ ያለቀ ጉዳይ ነው አልክ እኮ።

አንሙት፦ አላለቀም።

ትርንጎ፦ ጠዋት ስገባ በር ላይ አገኘኋቸው። ከሁሉ ቀድመው መጥተው፣ ሳህኑን በነጠላቸው ሸፍነው ቆመዋል። የፍርድ ቤት ሰው መሆኔን ማን እንደነገራቸው እንጃ። ጠጋ ብለው፣ ልጄ ክስ ጻፈ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው ወይ አሉኝ። ጉዳዩን ልነግራቸው አይፈቀድልኝም። መጻፉንስ ጽፏል አልኳቸው።

አንሙት፦ ምን አለች?

ትርንጎ፦ የተከሰሱት እሳቸው መሰሏቸው።

አንሙት፦ እኔ እሷን?

ትርንጎ፦ "እኔን ከሆነ የከሰሰው አልከራከርም፤ ያለውን ሁሉ አምናለች ብለሽ ጻፊልኝ" አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ "ከአንዱ በቀር፤ ያየሁትን አላየሁም አልልም" አሉ። ሌላው ሁሉ ጥፋቴ ነው ብለሽ ጻፊ፣ እሱን ግን እንዳትጽፊ ብለው እጄን ያዙኝ። ምስክር ስሰማ ነው ያረጀሁት። ብዙ ዓይነት ሰው አይቻለሁ። እሳቸው ግን አንጀቴን በሉኝ።

አንሙት፦ ዛሬም ዶሮ ነው?

ትርንጎ፦ ሽታው ዶሮ ነው።

አንሙት፦ ደወሉ አልተደወለም አይደል?

ትርንጎ፦ ሊደወል ነው። ፖሊሱ እንደ ደወል የተሰቀለውን ቸርኬ ሊመታ ብረቱን ይዞ ቆሟል፣ በመስኮቱ ይታየኛል።

አንሙት፦ እትዬ ትርንጎ፣ ያቺ የክሱ መጀመሪያ...

ትርንጎ፦ የቷ?

አንሙት፦ "በሐሰት የመሰከሩብኝ" የምትለዋ። "በሐሰት" የሚለው ይሰረዝልኝ።

ትርንጎ፦ ክሱ እኮ አላለፈም። ላላለፈ ክስ ምን ያደርግልሃል?

አንሙት፦ ሲቀርም ውሸት ይዞ አይቅር።

ትርንጎ፦ ሰረዝኩት። አሁን "የመሰከሩብኝ እማሆይ ጥሩአየሁ" ነው የሚለው።

አንሙት፦ "ወላጅ" ያልነውንም...

ትርንጎ፦ እናት ልበለው?

አንሙት፦ እናት ይበሉት። ቀድሜ የመታሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ ትርንጎ። በላይነው እጁን እንኳን አላነሣም ነበር።

ትርንጎ፦ ይኼንንም ልጻፈው?

አንሙት፦ አይጻፉት። እሱን ለእሷ ነው የምነግራት።

ትርንጎ፦ ተደወለ። ሰማህ?

አንሙት፦ ሰማሁ። ሰልፉ ላይ የት ጋ ናት?

ትርንጎ፦ መጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው። አስር አለቃው ሳህኑን እያስከፈታቸው ነው።

አንሙት፦ እኔ እስክደርስ ከመስኮቱ ይጥሩልኝ። እማሆይ አይቅመሱ፣ ቀማሹ እየመጣ ነው ይበሉልኝ።